ጓያ ነቃይ፤ ከእነዋሪ ዐፈር ተነሥቶ ስለ አንድ የድኻ በሽታ የተደረገ አጭር ምርመራ

በአገራችን «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» የሚባል ተረት አለ። ጓያ ሲደርስ ጎንበስ ተብሎ በእጅ ይነቀላልና የነቃዩ ዐይን ከእጁ አይርቅም፤ ከፊቱ ያለውን እንጂ የእርሻውን ዳር አያይም። ተረቱ የሚነገረው የነገውን ሳያስብ ለዛሬው ብቻ በሚደክም ሰው ላይ ነው። እኛ ይህን ተረት መነሻ ያደረግነው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ጓያ የሚያመጣውን የእግር መስለል ሲመለከቱ የኖሩት ሹማምንት፣ ሐኪሞችና በጎ አድራጊዎች ብዙ ጊዜ ራሳቸው የፊት የፊቱን ብቻ እንዳዩ ለማመልከት ነው።

የጽሑፋችን አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የጓያ በሽታ የሚመጣው መርዝ ያለበትን እህል በመብላት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሰው ይህን እህል ለወራት ያህል ዋና ምግቡ አድርጎ እንዲበላ የሚያስገድደው የዝናም፣ የመሬት፣ የጕልበትና የገበያ ዋጋ ነገር ነው። ስለዚህ የበሽታው ታሪክ የሐኪም ቤት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የጎተራ ታሪክ ነው፤ ለበሽተኛው የሚሟገትም ሰው ሙግቱን ከጎተራው መጀመር ይገባዋል።

ይህ አሳብ ከእኛ የፈለቀ አዲስ ነገር አይደለም። ሩዶልፍ ፊርኮ የተባለው የጀርመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1848 በላይኛው ሲሌዥያ የተነሣውን የተስቦ ወረርሽኝ እንዲመረምር መንግሥት በላከው ጊዜ፣ በመልሱ ያዘዘው መድኃኒት ትምህርት፣ ነጻነትና የኑሮ መሻሻል ነበር። ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብም የሕክምና ሥነ ሰብእ ሊቃውንት፣ ከነዚህም መካከል በሄይቲ ያገለገለው አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ፋርመር፣ ድኽነትና የኀይል አለመመጣጠን የሰውን አካል እንዴት እንደሚያሳምሙ በሰፊው ጽፈዋል። እኛም በዚሁ ዐይን የአገራችንን አንድ በሽታ ለመመልከት ሞክረናል።

አገሩና ዐፈሩ

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ናት። የተቀመጠችውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ወደ ጃማ ወንዝ ሲጠጋ ድንገት ተቈርጦ ገደል ይሆናል፤ የጃማም ውሃ ወደ ዐባይ ይወርዳል። አገሩ በስንዴው፣ በጤፉ፣ በባቄላውና በምስሩ የታወቀ ነው፤ የጅሩ ሰንጋ ሲባል ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሜዳው ዐፈር ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር ጭቃ ነው። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ይቋጥርና የረገጠውን እግር ይዞ አይለቅም። ውሃ በቋጠረ መሬት ላይ በክረምት የተዘራ ስንዴ ሥሩ ታፍኖ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ እንዲህ ያለው መሬት ክረምቱን ሳይዘራ ይከርምና፣ ዝናሙ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል።

ጓያ ለድኻ የተመቸ እህል ነው። ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናም ቢቀርበትም ይችላል። በእነዋሪ አንድ ሽማግሌ አግኝተን፣ «አባባ፣ ጓያ እንደሚሰብር እያወቁ ለምን ይዘሩታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ አይከዳማ» ብለው መለሱልን። ከዚህ የበለጠ አጭርና ትክክለኛ መልስ በመጽሐፍም አላገኘንም።

በሽታው

ጓያ በደኅናው ዘመን በልዩ ልዩ ዐይነት ይበላል። ክክ ሆኖ ይሠራል፤ ሽሮ ሆኖ ከሌላ ጥራጥሬ ጋራ ይደባለቃል፤ ቂጣ ይጋገራል፤ ቆሎና ንፍሮ ይሆናል፤ እሸቱም በእርሻው ላይ ይበላል። ብዙ የጾም ቀን ባለበት አገር ጥራጥሬ የምግብ ምሰሶ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳንኤልና ጓደኞቹ ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው አምሮ እንደ ተገኘ በመጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን፤ ጓያም ከሌላ እህል ጋራ በመጠኑ ሲበላ ሰውን አይሰብርም። ጉዳቱ የሚመጣው ሌላው እህል አልቆ፣ ጓያው የማዕዱ ዋና ምግብ ሆኖ፣ ለሁለትና ለሦስት ወር ያለማቋረጥ ሲበላ ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ድንገት ይገለጣል። ሰውዬው እግሩ ይከብደዋል፤ የባቱ ጅማት ይኮማተራል፤ ቀጥሎም ጕልበቱ እየተጋጨ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል። አእምሮው ጤነኛ ነው፤ የሰውነቱም ስሜት አይጠፋም፤ በሽታውም አይገድለውም። ነገር ግን የሰለለው እግር ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ የሚያድን መድኃኒትም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐኪሞች ሕመምተኞችን በአራት ይመድቧቸዋል፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ ባንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድና በእጁ የሚድህ። ይህ አመዳደብ የሳይንስ ነው፤ ይሁን እንጂ ማንኛውም የገጠር ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ሊያደርገው የሚችለው ነው።

ከተጎጂዎቹ የሚበዙት ወጣት ወንዶች ናቸው። ይህም ማለት በሽታው ቤቱን የሚመታው በአራሹ በኩል ነው። ሞፈር መያዝ የማይችል ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከምርቱም ግማሹን ያጣል፤ ሌላ ክፉ ዓመት በመጣም ጊዜ ጎተራው ቀድሞ የሚራቆተው፣ ጓያም ብቻውን ቀድሞ የሚበላው በእሱ ቤት ነው። እንግዲህ ድኽነት በሽታውን ይወልዳል፤ በሽታውም መልሶ ድኽነትን ይወልዳል።

በሌላው ዓለም የታየው

ይህ ሕመም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በጥንታዊው ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም በተላለፉት ጽሑፎች ውስጥ ያለማቋረጥ ጥራጥሬ የበሉ ሰዎች እግራቸው እንደ ደከመ ተጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1671 የቩርተምበርግ መስፍን ጊዮርግ የጓያ ዱቄት በዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በዐዋጅ ከለከለ። በሕንድ የነበረው እንግሊዛዊ ሹም ስሊማን እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በመካከለኛው ሕንድ ስንዴው ለተከታታይ ዓመታት በመጥፋቱ ሕዝቡ ጓያ በልቶ ብዙ ወጣቶች እግራቸው እንደ ሰለለ ጽፏል። የናፖሊው ሐኪም ካንታኒ እ.ኤ.አ. በ1873 ሕመሙን ላቲሪዝም ብሎ ሰየመው። በጓያ ውስጥ ያለውንና ዛሬ ኦዳፕ ተብሎ የሚጠራውን መርዝ ደግሞ የሕንድ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት።

ከሁሉ ይልቅ ለጕዳያችን የሚጠቅመው የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሮማንያ መንግሥት አይሁድን በዚህ ስም በሚጠራ ሰፈር አስሮ ነበር፤ ቦታው ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ይገኛል። ለእስረኞቹ የተሰጠው ምግብ ለከብት መኖ የተዘጋጀ ጓያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ብዙዎቹ እግራቸው ሰለለ። ከእስረኞቹ አንዱ የሆነው ዶክተር አርቱር ኬስለር ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ተረዳ፤ እስረኞቹም ያን ምግብ አንበላም አሉ፤ ከዚያም ምግቡ ተለወጠ። ልብ እንበል፤ ኬስለር የጠየቀው መድኃኒት አልነበረም። የጠየቀው ሌላ ምግብ ነው። ምግቡን የመለወጥ ሥልጣን በማን እጅ እንደ ነበረም አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ከነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር እንማራለን። በሰላሙም በጦርነቱም፣ በሕንድም በአውሮጳም፣ ጓያ ሰውን የሰበረው የተሻለ እህል በጠፋበት ወይም በተከለከለበት ቦታ ነው። ምርጫ እያለው ጓያ ብቻ የበላ ሕዝብ አልተገኘም።

በኢትዮጵያ የተደረገው ምርመራ

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ስለ አንድ የጓያ ወረርሽኝ የሚገልጽ ጽሑፍ ታተመ። ከዚያም በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በጎንደር በኩል በደንቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየዞሩ በሽታውን መረመሩ። ሁለቱም አገሮች እንደ ጅሩ ሜዳ ጥቁር ጭቃ የሞላባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ጓያና ስለ በሽታው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ።

ጉባኤው ካለፈ በኋላ ግን በሽታው ዳግመኛ ተነሣ። በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት ድርቅ ሌላውን እህል ባጠፋበት ጊዜ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች ተጎዱ። ወረርሽኙን የመረመሩት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የቤልጅግ ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ ላንሴት የተባለውም የእንግሊዝ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 ዜናውን ለዓለም አሰማ። ሊቃውንት መርዙን ያውቁት ነበር፤ ጽሑፉም ታትሞ ነበር፤ ጉባኤውም በዋና ከተማችን ተደርጎ ነበር። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው በጊዜው የደረሰ እህል ነው።

የነዚህ ሐኪሞች ምርመራ ሌላም ፍሬ አስገኘ። ጓያ ተቈልቶ፣ ተቀቅሎ ወይም እሸቱ ጥሬውን ሲበላ ጉዳቱ ይበረታል። ከእህል ጋራ ተደባልቆ ወይም ሽንኩርትና ቅመም ባለበት ወጥ ሲበላ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። ምክንያቱም ጓያ ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ይጎድሉታል፤ እነዚህንም ስንዴ፣ ጤፍና በቆሎ ይሞሉለታል። በሸክላ ድስት ብቻ በሚያበስሉ ቤቶችም በሽታው እንደሚበዛ ታየ። እንግዲህ ማነው ቆሎና እሸት በልቶ የሚውለው? ከብት ሲጠብቅ የሚውለው ልጅና ከቤት ርቆ የሚያርሰው ጎረምሳ ነው። ማነው የብረት ድስት የሌለው? ማነው ሽንኩርትና ቅመም መግዛት የማይችል? መልሱን ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሕዝቡ ምን ይላል?

የደጋው ሰው በሽታውን የሚጠራው «ጓያ ሰበረው» ብሎ ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ምክንያቱም ውጤቱም ተነግሯል። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ጓያ የሚሰብረው በመብላት ብቻ አይደለም ይባላል፤ ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት፣ ወይም የገለባው መንካትም እንደሚሰብር ይታመናል። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይሥቃል፤ ሕዝቡ ባለማወቁ ይጎዳል ብሎም ይፈርዳል።

እኛ ግን ቶሎ ባንፈርድ ይሻላል እንላለን። ገበሬው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛ፣ አንድ ዐይነት ምግብ ከበሉ ወንድማማቾች አንዱ ሲሰበር ሌላው ይድናል። ሁለተኛ፣ የሚበላው ሌላ እህል የለውም። ከምግቡ መራቅ የማይችል ሰው ከእንፋሎቱና ከገለባው ቢርቅ፣ በዐቅሙ ውስጥ ያለውን ጥንቃቄ አደረገ እንጂ ሞኝ ሆነ አይባልም። ዶክተር ኃይለየሱስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ የጤና ሠራተኛውንና የገጠሩን ሕዝብ ዕውቀት ጐን ለጐን አስቀምጠው መዘኑ። ባለሙያው ሁልጊዜ መዛኝ፣ ገበሬው ሁልጊዜ ተመዛኝ ሆኖ በኖረበት አገር፣ ሁለቱን ባንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራሱ ታላቅ ነገር ነው።

ክልከላ፣ ምክርና ዘር

በሽታውን ለማጥፋት እስካሁን የተሞከረው መንገድ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ክልከላ ነው። ከቩርተምበርግ መስፍን ዐዋጅ በቀር፣ ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ ከልክላ ነበር፤ ሆኖም ጓያ መዘራቱንና መበላቱን አልተወም። እህልን በዐዋጅ መከልከል ቀላል ነው፤ ራብን ግን በዐዋጅ መከልከል አይቻልም።

ሁለተኛው ምክር ነው። ጓያን ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎና ውሃውን ደፍቶ መብላት መርዙን ይቀንሳል ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ለመዘፍዘፍም ለመቀቀልም ውሃና ማገዶ ያስፈልጋል። በድርቅ ዓመት ምንጭ ይርቃል፤ ማገዶም በእነዋሪ በመሰለ ዛፍ በጠፋበት ሜዳ ኩበት ነው። ውሃውን በእንስራ፣ ኩበቱን በቅርጫት የምትሸከመው ሴቲቱ ናት። ምክር ሰጪው አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር በሴቲቱ ጀርባ ላይ አንድ ሸክም እንደሚጨምር ማሰብ ይገባዋል።

ሦስተኛው ዘር ማሻሻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የሚባል የጓያ ዝርያ በአገራችን ለገበሬ ተለቀቀ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ገበሬውን ከማይከዳው እህል ሳይለይ ጉዳቱን ለመቀነስ ያስባል። ሆኖም አነስተኛ መርዝ ማለት መርዝ የሌለበት ማለት አይደለም፤ ዘሩም በመንደር ጎተራ ከቀድሞው ጋራ በቀላሉ ይደባለቃል።

አንዳንድ ሰው «እናንተ ዝናሙንም መሬቱንም ሐኪም ያስተካክል ትላላችሁን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። አይደለም። ሐኪም ዝናም አያዘንብም። ነገር ግን ሐኪም የሚጽፈው ወረቀት ሁሉ ወደ መድኃኒት ቤት ብቻ መሄድ የለበትም። የደላንታው ምርመራ መጨረሻ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በላንሴት በወጣ ጽሑፍ፣ ጓያ በሚበላበት አገር ራብ ሲጀምር የስንዴና የሌላ እህል ርዳታ በሽታውን እንደሚቀንስ ሐኪሞቹ አመለከቱ። ይህ ማለት ማዘዣው ለእህል ጎተራ ተጻፈ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት በዓለም ጤና ሥራ ውስጥ ጥብቅና ቢባል ከዚህ የተሻለ አርኣያ ሊገኝለት ይችላል ብለን አናስብም።

የእነዋሪ ትምህርት

አሁን ወደ ተነሣንበት ሜዳ እንመለስ። ከላይ እንዳልነው ጥቁር መሬት በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር ለጓያ ይተዋል። የእነዋሪ ገበሬ ግን ከጥንት ጀምሮ ለዚህ የራሱ የሆነ ብልኀት አለው። መሬቱ ከታረሰና ዘሩ ከተበተነ በኋላ ጭቃው በእጅ እየተዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቡ መካከልም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይወጣል። ስንዴውም በመደቡ ላይ ሥሩ ሳይታፈን ይበቅላል። ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለ ጥቁር ዐፈር ሲያጠና እነዋሪን ከምርምር ቦታዎቹ አንዷ አድርጎ ነበር፤ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚሠራ መሣሪያም ከአገሩ ማረሻ አሻሽሎ አወጣ።

ለእኛ ጕዳይ ሁለት ነገር ከዚህ ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ከሁሉ የሚሻለው የጓያ በሽታ መከላከያ ምናልባት ይህ ቦይ ነው የሚለው ነው። ውሃው የወረደለት መሬት ስንዴ ያበቅላል፤ ስንዴ ያለበት ቤት ጓያን ለብቻው አይበላም። ይህን ቦይ ያወጣው ሐኪም አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው የሕክምና ሥራ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ነው። መደቡን በእጃቸው ሲዝቁ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ በክረምት ዝናም፣ በባዶ እግር፣ ጎንበስ ብለው። ብዙ እጅ ያለው ቤት መደቡን በጊዜ ይጨርሳል። እጅ ያነሰበት ቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም እግሩ የሰለለ ሰው ያለበት ቤት ግን መሬቱን ለመስከረም ጓያ ይተዋል። ስለዚህ ያው አንዱ ሜዳ ለአንዱ ስንዴ፣ ለሌላው ጓያ ይሆናል፤ ልዩነቱም የዐፈር ሳይሆን የጕልበት ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ የጕልበትን ልዩነት ግን ዐዋጅ ሊያስተካክለው አልቻለም።

የጅሩንም ሰንጋ እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ሰንጋውን ከሚያሰቡት መኖዎች አንዱ ጓያ ነው። በሬ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለ ሆነ ጓያን ከሰው ይልቅ ይችላል፤ ፈረስ ግን እንደ ሰው ይሰበራል። ሰንጋው ሰብቶ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ይነዳል፤ ገንዘቡም ለባለቤቱ ስንዴና ጤፍ ይገዛል። እንግዲህ ጓያ በሀብታሙ ቤት በበሬ በኩል ገንዘብ ይሆናል፤ በድኻው ቤት ግን በቀጥታ ወደ ማዕዱ ይገባል። እህሉ አንድ ነው፤ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ስንሰበስብ፣ የጓያ በሽታ በሦስት ደረጃ መታየት አለበት። ሐኪሙ መርዙን ያያል፤ መምህሩ አበሳሰሉን ያያል፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን ያ እህል ለብቻው ወደ ድስቱ የገባበትን ምክንያት ማየት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስፈላጊዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ሲጎድል ግን ሁሉም ጓያ ነቃይ መሆን ነው።

ስለዚህ በጥቁር ዐፈር አገር የሚያገለግል የጤና ባለሙያ በጥቅምትና በኅዳር የስንዴው ማሳ እንዴት እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። ማሳው የከዳ እንደሆነ ሰው በዱላ ተደግፎ እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ እህል እንዲላክ በዚያው ቀን ይጻፍ። የሰለሉትም ወገኖቻችን እግራቸው ባይመለስ እጃቸውና አእምሮአቸው ጤነኛ ነውና፣ ተቀምጠው የሚሠሩት የእጅ ሥራ ቢያገኙ ከልመና ይድናሉ። መደብ የሚሠራው የበሬ መሣሪያም እጅ ላነሰበት ቤት ቀድሞ ቢዳረስ፣ በሐኪም ቤት ከሚደረገው ብዙ ነገር ይልቅ ይጠቅማል።

የእነዋሪው ሽማግሌ ጓያ አይከዳም ያሉን እውነታቸውን ነው። በክፉ ቀን ሁሉ ሲከዳ ያልከዳቸው እሱ ነበር፤ ዋጋውን ግን በልጆቻቸው እግር ተቀበለ። ድኻው ጓያን እንዲተው ከመምከራችን በፊት እኛም የማንከዳ ሆነን መገኘት አለብን። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያየ አንባቢ ቢያርመን፣ ከእኛም በኋላ ይህን ጕዳይ በሰፊው የሚመረምር ተማሪ ቢነሣ፣ ድካማችን ከንቱ አይሆንም።